ቴክሳስ ታክስ የለም ያለው ማነው?

«ዳላስ ግባ፣ ታክስ የለም!» የምትለዋ ምክር ግማሽ እውነት ናት። ቴክሳስ ከደሞዝ ላይ የገቢ ግብር አትቆርጥም። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ይቆርጣል! እናላችሁ፣ ከ1,000 ዶላር ላይ 62ቱ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 14 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለሜዲኬር ይሄዳል። የፌዴራሉ የገቢ ግብር ደግሞ ለብቻው ነው።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ ለማምለጥ «በካሽ ክፈለኝ» የሚለው ወገን ነው። ያቺን 76 ዶላር ከ50 እኮ አሠሪውም እኩል ከኪሱ ይጨምርባታል! (ይሄ ቼኩ ላይ ስለማይታይ ማንም አያወራውም።) ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 ክሬዲት፣ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። በካሽ የተሠራ ዓመት ካልተመዘገበ አይቆጠርም። ድርሻውን ያስቀረው አሠሪ ግን ሲስቅ ይታየኛል።