ፈንግል አጥር አያውቅም



በዎላይታ መሬት ጠባብ፣ ሰው ብዙ መሆኑ ለማናችሁም የተሰወረ አይደለም። ከቦዲቲ እስከ አረካ፣ ከሶዶ ዙሪያ እስከ ሁምቦ ብንሄድ የአንዱ እንሰት ካለቀበት የሌላው ይጀምራል። ግማሽ ሄክታር ያልሞላ ማሳ ይዞ ልጅ የሚያስተምር ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ለላም ግጦሽ ቢጠፋ ለዶሮ ጓሮ አይጠፋም። የጨው፣ የሳሙናና የደብተር ገንዘብ ከየት ይመጣል ብላችሁ እናቶችን ብትጠይቁ «ከእንቁላሉ ነዋ!» ይሏችኋል። ስለዚህ ስለ ዶሮ መጻፍ ስለ ትንሽ ነገር መጻፍ አይደለም።

የዚህ ሀብት ዋና ጠላት ፈንግል ነው። በሌላው ዓለም የኒውካስል በሽታ ይሉታል። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። የታመመችው ዶሮ ታንቀላፋለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ አንዳንዷም አንገቷ ይጠመዘዛል። ካልተከተቡ 100 ዶሮዎች 80ውን ወይም 90ውን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒት የለውም። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ማጠጣት አያድንም። ከሱቅ የሚገዛው ቴትራሳይክሊንም ቫይረስን አይገድልም፤ ገንዘብ ብቻ ያስወጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መፍትሔው ክትባት ነው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቢሾፍቱ የሚሠራው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የፈንግል ክትባት ያዘጋጃል። ከክትባቶቹ አንዱ ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችል፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ነው። ለጫጩትም ለአውራ ዶሮም ልኩ አንድ ጠብታ ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። መርፌ የለው፣ ደም የለው፤ የሚጠይቀው የተረጋጋ እጅና የሚያነብ ዓይን ነው።

ክትባቱ ካለ ለምን ዶሮው ያልቃል? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ እያንዳንዳችን ለየብቻችን ማሰባችን ነው። የክትባቱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት እናት ለ100 ዶሮ የተዘጋጀውን ጠርሙስ ገዝታ 95ቱን ጠብታ ትድፋ? አትገዛም። እውነት አላት። ነገር ግን ሃያ ቤት በአንድነት ቢቆም፣ በየቤቱም አምስት ዶሮ ቢኖር፣ ያ ጠርሙስ ልክ ይሆናል፤ ወጪውም ለሃያ ይከፈላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ አይደለም እንዴ? ደግሞም ቤታችን የተጠጋጋ ስለሆነ ዶሮዎቻችን አንድ ጓሮ ይጭራሉ። የጎረቤት ዶሮ ካልተከተበች በሽታው ከመንደሩ አይወጣም።

አንዳንዶች «አስከትበን ሞተብን፣ ገዳዩ ክትባቱ ነው» ሲሉ ይሰማል። ነገሩ እንዲህ ነው። ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ አቅሙ እስኪጠነክርም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በሽታው መንደር ከገባ በኋላ የተከተበችው ዶሮ ቀድሞ ይዟት ከነበረ ትሞታለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ስለሆነም ክትባቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ እንዲሁም ገበያው ለጊፋታና ለመስቀል ከመሙላቱ በፊት ይሰጥ።

ክትባት ብቻውን ግን አይበቃም። ዶሮ ከሰውና ከከብት ጋር በአንድ ጣሪያ ማደሯ ይቅር። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚገባው፣ ዝናብ የማይገባው ቤት በቀርከሃና በእንጨት መሥራት ይቻላል። በሩ ኩሱን ጠርጎ ለማውጣት የሚመች ይሁን፤ የሚወጣውም ኩስ ከርሞ ለእንሰቱ ማዳበሪያ ይሆናል። የውሃ ዕቃው በየቀኑ ይታጠብ። ከገበያ የተገዛች፣ ወይም ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የሞተችውን ለውሻ አትጣሉ፤ አትሽጡም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሯት።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ በተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተሻሻሉ ዝርያ ዶሮዎች ወደየገበሬው ቤት እንዲገቡ ተደርጓል። መልካም ሥራ ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል ጥሩ እንቁላል ጣይ የሆነችው ዝርያ በሚገባ ከተያዘች ከ200 በላይ ትጥላለች። ነገር ግን ያለ ቤትና ያለ ክትባት የተሰጠች ዶሮ ለገበሬው ሳይሆን ለፈንግል የተሰጠች ናት። ስንት ዶሮ ታደለ ብሎ መቁጠር ብቻ ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ ብሎ መቁጠርም ይገባል።

እኛ ፊደል ልናስተምር የመጣን ወጣቶች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዱ ሃያ ቤት ፊደል የቆጠረች አንዲት ሴት ይምረጥ። ዶሮው የእናቶች ሀብት ነውና ኃላፊነቱም የእነሱ ይሁን። የተመረጠችው ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አጠባበቁን ትማር። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን ታንብብ፤ በደብተሯም ቀኑን፣ የቤቱን ባለቤት ስም፣ የዶሮውን ብዛትና የሚቀጥለውን ክትባት ወር ትመዝግብ። አራት መስመር ጽሑፍ ናት። ግን መቶ ዶሮ ታድናለች።

ማንበብና መጻፍ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አይደለም። ጓሮ ወርዶ ሥራ ሲሠራ ነው ፍሬው የሚታየው። እንግዲህ በሚቀጥለው የማኅበራችሁ ስብሰባ ይህን ጉዳይ አንሱ፤ ሃያ ሃያ ቤታችሁን ቁጠሩ፤ ሴቲቱን ምረጡ፤ ወሩን ቁረጡ። ፈንግል አጥር ካላወቀ እኛም እሱን ስንከላከል አጥር አንለይ።