በሳምንት ሦስት ቃል፦ ለወለጋ ልጆች የሂሳብ ቃላት የቀረበ ጥሪ

በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ሂሳብን የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ይሆናል። በመካከል ያለው አንድ ክረምት ብቻ ነው። በዚያ ክረምት ልጁ የሚያውቀው ሂሳብ አይለወጥም፤ ሂሳቡ የሚጠራበት ስም ግን እንዳለ ይለወጣል። ይህን ለውጥ ልጆቻችን ዛሬ ብቻቸውን እየተጋፈጡት ነው። የምጽፈው ብቻቸውን እንዳንተዋቸው ነው።

ነገሩን በአንድ ጥያቄ እንየው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቀረበላት እንበል። የአንድ ሬክታንግል ዙሪያ 36 ሜትር ነው፤ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው፤ ስፋቱ ስንት ነው? ስሌቱ አይከብዳትም። ወርዱን አንድ እጅ፣ ርዝመቱን ሁለት እጅ ብላ ትይዛለች። ዙሪያው ሁለት ወርድና ሁለት ርዝመት ስለሆነ በድምሩ ስድስት እጅ ነው። 36 ለ6 ሲካፈል ወርዱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱም 72 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከታች ክፍል ይዛው የመጣችው ማባዛትና ማካፈል ለዚህ ይበቃታል። ነገር ግን «ፔሪሜትር» ዙሪያ፣ «ኤሪያ» ስፋት፣ «ትዋይስ» እጥፍ መሆኑን ካላወቀች እስክሪብቶዋን ማንሳት አትችልም። ወረቀቱ ባዶውን ይመለሳል። መምህሩ «ሂሳብ አይገባትም» ይላል፤ ቤተሰቡ ያንኑ ይደግመዋል፤ ውሎ አድሮ እሷም ታምነዋለች። ሦስት ቃል ያጣች ልጅ ሂሳብን ጨርሳ ትተዋለች።

ይህ ችግር የወለጋ ብቻ አይደለም። በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ ሽግግሩ ቀደም ብሎ በሰባተኛ ክፍል ይመጣል፤ በአማርኛ ሂሳብ የተማረው ልጅም ያው መከራ ይገጥመዋል። በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጻሕፍት እጥረት አለ፣ የመምህራን ኑሮ አለ፣ ጦርነትም አለ። ብዙዎቹን እኔና እናንተ በቤታችን ልንፈታቸው አንችልም። የቃሉን ጉዳይ ግን እንችላለን።

የምንችለውም ቃላቱ በእጃችን ስላሉ ነው። በደርግ ዘመንና ከዚያ በፊት የተማሩት ወላጆችና አያቶች አንደኛ ደረጃን በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ክፍል በኋላ ያለውን በእንግሊዝኛ ተምረዋል። ላዕልና ታህት፣ ተካፋይና አካፋይ፣ የጋራ ብዜት የሚሉትን ቃላት ዛሬም ያስታውሷቸዋል። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ በቁቤ ፊደል የተማረው ትውልድ ደግሞ መደመርን «ኢዳኡ»፣ መቀነስን «ሂርኢሱ»፣ ማባዛትን «ባይኢሱ»፣ ማካፈልን «ሂሩ» ብሎ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዘልቋል። ትንንሾቹ ዛሬ ክፍል ውስጥ «ሮግሳዴ» እና «ዺቤንታ» ይላሉ፤ ጎነ ሦስትና መቶኛ ማለታቸው ነው። ቃላቱ በሦስት ትውልድ ዘንድ ተበታትነው ተቀምጠዋል። የጎደለው ሦስቱ አንድ ገበታ ላይ ቁጭ ብለው መነጋገራቸው ነው።

ቃል መሰብሰብ ደግሞ ለወለጋ አዲስ ሥራ አይደለም። ከባርነት ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምጽዋ አቅራቢያ በምኩሉ በነበሩበት ጊዜ አስቴር የኦሮምኛ ቃላትን አሰባስባ የመዝገበ ቃላት ሥራ ሠርታለች፤ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩንና ዘፈኑንም ጽፋ አስቀርታለች። ከዚያ ክምችት በ1894 እ.ኤ.አ. ለጀማሪዎች የሚሆን የንባብ መጽሐፍ ታተመ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ወጣ። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ከመጡ በኋላ ኦነሲሞስ በ1931 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ በነቀምት አስተማሩ። ያ ትውልድ ድርሻውን ተወጥቷል። ከእነሱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘማቾች ወደ ገጠር ወጡ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች፣ በኦሮምኛም ጭምር፣ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጠረ። በዚያ ዘመን ሌላ ብዙ ሐዘን ነበረ፤ በኩራዝ ብርሃን ያስተማሩት ወጣቶች ግን ግዴታቸውን አልሸሹም። የኛ ድርሻ ከእነሱ እጅግ ያነሰ ነው። ፊደል እንድንቀርጽ የጠየቀን የለም፤ የሚጠበቅብን ያሉትን ቃላት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

«ሂሳብ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይሆንም፤ ለምን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ አይማሩም?» የሚል ወላጅ አለ፤ ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን እንግሊዝኛም ቢሆን ከሂሳብ ጋር አብሮ አልተወለደም። ሊቃውንቱ በላቲን በሚጽፉበት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሮበርት ሬኮርድ የሚባል ሐኪም ለተራው ሰው ብሎ ሂሳብን በእንግሊዝኛ ጻፈ። ዛሬ ልጆቻችን የሚጽፉትን የእኩል ምልክት በ1557 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ ያሳተመውም እሱ ነው። «አልጀብራ» የሚለው ስም ራሱ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከጻፈው ከአል ኸዋሪዝሚ የዓረብኛ መጽሐፍ የመጣ ነው። ማንኛውም ቋንቋ ሂሳብን የሚሸከመው ተናጋሪዎቹ ሲሠሩበት ነው። ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ የተረዳው ነገር ሌላ ቋንቋ ሲመጣ አይጠፋም፤ ስሙን የሚነግረው ሰው ካገኘ ይዞት ይሻገራል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሳምንት ሦስት ቃል እንምረጥ። ሠላሳ ሳምንት ባለው አንድ የትምህርት ዘመን ዘጠና ቃል ይሆናል፤ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ሁለት ዓመት ደግሞ መቶ ሰማንያ። ዘጠነኛ ክፍል ደጃፍ ላይ መቶ ሰማንያ ቃል ይዞ የሚቆም ልጅ መጽሐፉን ከፍቶ አይደነግጥም። እያንዳንዱ ቃል በደብተሩ ላይ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ከጎኑም ከአካባቢው የተወሰደ አንድ የተሠራ ምሳሌ ይቀመጥ።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የነቀምትን ስም ይዞ «ለቀምቲ» እየተባለ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ቡና ከልጆቹ ደጅ ነው የሚወጣው። 100 ኪሎ ጀንፈል ተፈልፍሎ 50 ኪሎ ንጹሕ ቡና ቢወጣው የጀንፈሉና የንጹሑ ሬሾ 2 ለ1 ነው፤ ንጹሑም የጀንፈሉ 50 በመቶ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ 51 ኪሎ ቡና ስንት ፈረሱላ ይሆናል? 51 ተካፋይ፣ 17 አካፋይ፣ 3 ድርሻ። በቡና ንግድ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ስሌት በጣቱ ይሠራዋል። ክፍል ውስጥ የሚጠፋበት የሚሠራው ነገር ስም ስላለው፣ ስሙንም ማንም ስላልነገረው ነው።

መምህራን ሆይ፣ ቃሉን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ቀጥሎ በሚመጣው ምዕራፍ የሚያስፈልጉትን ሦስት ቃላት ሰኞ ጠዋት በሰሌዳው ጥግ ጻፏቸው፤ እስከ ዓርብ አይጥፉ። ከራሳችን አዲስ ቃል አንፍጠር። አንዱ ትምህርት ቤት አንድ ቃል፣ ሌላው ሌላ ቃል ቢጠቀም ልጁ ግራ ይጋባልና በመማሪያ መጽሐፉ የታተመውን እንያዝ። በቤት ወግ ሌላ፣ በሂሳብ ሌላ ትርጉም ያለውን ቃል ለይታችሁ አሳዩት። ለምሳሌ በአማርኛ «ስፋት» ስንል በጨዋታ ወርድ ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ በሂሳብ ግን ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

አባቶችና እናቶች፣ አያቶችም፣ «እኛ የተማርነው ድሮ ነው» አትበሉ። ማታ ቡና ሲፈላ ልጁን «ዛሬ ምን ቃል ተማርክ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ በእናንተ ዘመን ምን ይባል እንደነበር ንገሩት። ፊደል ያልቆጠራችሁም ብትሆኑ ቁናውን፣ ሚዛኑን፣ የመሬቱን ልኬት ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፤ ልጁ ቃሉን ይዞ ሲመጣ ነገሩን የምታሳዩት እናንተ ናችሁ።

የወለጋና የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የነቀምት መምህራን ኮሌጅም ተማሪዎች፣ ይህን መንገድ በቅርቡ የሄዳችሁበት እናንተ ናችሁ። ዘጠነኛ ክፍል የገባችሁበትን መስከረም አትረሱትም። ክረምት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከሰፈራችሁ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ አሥር ልጆች ሰብስቡ፤ ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ይበቃሉ። በውጭ አገር ያላችሁ የወለጋ ልጆችም የቃላቱ አነባበብ በድምፅ ተቀርጾ በስልክ እንዲደርስ ማድረግ አያቅታችሁም።

ባለፉት ዓመታት በወለጋ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ኦሮምኛም አማርኛም የሚናገሩ ብዙ ልጆች ከቀያቸው ተፈናቅለው ዓመታት ባክነውባቸዋል። የፈረሰውን ክፍል መልሶ መሥራት ጊዜም ገንዘብም ሰላምም ይፈልጋል። በመጠለያ ላለች ልጅ ሦስት ቃል ለማስተማር ግን የሚያስፈልገው የሚያውቅ አንድ ሰውና ደብተር ነው። የቱንም ቋንቋ ትናገር፣ ይህች ልጅ የሁላችንም ልጅ ናት፤ ከሁሉ አስቀድመን ልንደርስ የሚገባንም ለእሷ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። መቶ ሰማንያ ቃል ለአንድ መምህር፣ ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍል፣ ሸክም ነው። ለአንድ ከተማ ግን ምንም አይደለም። ሥራውን ለመጀመር መመሪያ እስኪወርድ፣ ኮሚቴ እስኪቋቋም አንጠብቅ። ይህን ያነበበ መምህር በሚቀጥለው ሰኞ ሦስት ቃል ይጻፍ፤ ወላጅ የሆነ ዛሬ ማታ የልጁን ደብተር ይክፈት፤ ተማሪ የሆነ ከታናሹ ጋር ይቀመጥ። ዙሪያ፣ ስፋት፣ እጥፍ፤ በእነዚህ በሦስቱ መጀመር ይቻላል።