የገንዲ መርፌ በማን እጅ ይሁን?

በእርሻ ወቅት የበሬው ፀጉር ከቆመ፣ ጎኑ ከጎደጎደና ከመንጋው ወደ ኋላ መቅረት ከጀመረ የወላይታው ሁምቦ ቆላ ገበሬ ሐኪም አይጠብቅም። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው በሽታ፣ ገንዲ ነው ይላል። ገበያ ወርዶ ዲሚናዚን የተባለውን ቢጫ ዱቄት ይገዛና በውሃ በጥብጦ ራሱ ይወጋል።

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። 2.36 ግራም የምትመዝነው የዲሚናዚን ፓኬት የምትበቃው 300 ኪሎ ለሚሆን አንድ ከብት ነው። እጅ ያጠረው ሰው እሷኑ ለሁለት በሬ ካካፈላት 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ ከሚያስፈልገው 60 በመቶውን ብቻ ያገኛል። በሬው ለጊዜው ይነሳል፤ ከመድኃኒቱ የተረፈው ተህዋስ ግን እየተላመደው ይሄዳል። በጊቤ ሸለቆ መድኃኒት የማይበግረው ገንዲ ከታወቀ 30 ዓመት አልፎታል።

ገበሬውስ ምን ያድርግ? ሶዶ ያለው ላቦራቶሪ የበሬውን ደም መርምሮ ተህዋሱን በማይክሮስኮፕ ማየት ይችላል። መቆም ያቃተውን በሬ ከአበላ ሶዶ ድረስ መንዳት ግን የማይታሰብ ነው፤ እስኪደርስም የዘር ጊዜ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) ደጋው የጠበበውን ሰው አበላና በሌ ላይ ሲያሰፍርም ትልቁ እንቅፋት ይኸው በሽታ ነበር። መርፌ ባይኖር ቆላው ላይ በበሬ ማረስ ዘበት ነው።

በሽታውን ከምንጩ እናድርቀው የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ፕሮጀክት 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ከቆላ ዝንብ ለማጽዳት ያለመ ነበር። ቃሊቲ ላይ በጨረር የመከኑ ወንድ ዝንቦች እንዲራቡ ተደረገ፤ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቃው አንዴ ብቻ ስለሆነ ከመካን ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘር አይኖራትም። ዘዴው በዛንዚባሯ ኡንጉጃ ሠርቷል። ኡንጉጃ ግን በባሕር የታጠረች ደሴት ናት፤ የኦሞን ሸለቆ የሚያጥረው የለም።

እኔ መርፌውን ከገበሬው እጅ መንጠቅ ይበጃል አልልም። ደረት ለክቶ ክብደት የሚገምት ሜትር ይሰጠው፣ አንድ ፓኬት ለስንት ኪሎ እንደሆነ በወላይትኛ ይነገረው። ከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈሰው ዴልታሜትሪን ደግሞ ዝንቡን ስለሚቀንስ የመርፌውንም ቁጥር ያሳንሳል። ችግሩ አንዱ ገዝቶ ሲያፈስ የሚጠቀመው ጎረቤቱም መሆኑ ነው። ስለዚህ ግዢው በቀበሌ ደረጃ፣ ሁሉም በከብቱ ልክ እያዋጣ ቢሆን ያዋጣል፤ ምንም መክፈል ለማይችለው ደግሞ ወረዳው ይሸፍን።