የቡና መዝገባችን በምን ላይ ያርፋል?



«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ ለነጋዴ ቤት እንደ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ወደዚያ የሚገባው ቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ ደን ያልተገኘ መሆኑ በማሳው መገኛ ነጥብ እንዲረጋገጥ፣ አስገቢውም ማስረጃውን 5 ዓመት እንዲያቆይ ታዟል። አፈጻጸሙ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ለከፋ ቡና ነጋዴ መዝገቡ ከጆንያው የማያንስ ንብረት ሆኗል።

የቤታችንን መዝገብ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ኩበርኔትስ በተባለው ሥርዓት ላይ አኑሮልን ነበር። አንድ ሌሊት ፕሮግራሙ ታድሶ ሲነሣ የመረጃ ቋቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሠራተኞቻችንም የገበሬዎቹን ማሳ ለመመዝገብ በዝናብ ወራት ጫካውን እንደ ገና ዞሩት።

ምክንያቱን ጠይቄ የተረዳሁት እንዲህ ነው። በዚህ ሥርዓት ኮንቴነር የሚባለው በመርከብ የሚጫነው የብረት ሣጥን ሳይሆን፣ ፕሮግራም ለጊዜው የሚሠራበት ክፍል ነው። ክፍሉ ሲበላሽ ወይም ሲታደስ ሥርዓቱ አፍርሶ በሌላ ይተካዋል፤ በውስጡ የተጻፈውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጸሐፊ ቢለወጥ መዝገቡ በቁም ሣጥን እንደሚቀር ሁሉ፣ የመረጃ ቋትም ከክፍሉ ውጭ በቋሚ ማከማቻ ላይ ማረፍ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ቋሚ መባሉ ብቻ አያስተማምንም። ሥርዓቱ ራሱ ለፈጠረው ማከማቻ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠ ደንቡ «ዲሊት» ነው፤ ይኸውም የማከማቻው ጥያቄ ሲሰረዝ ዲስኩ አብሮ ይደመሰሳል ማለት ነው። «ሪቴይን» ተብሎ ከታዘዘ ግን ይቆያል። እንዲሁም ማከማቻው የአንድ ማሽን ዲስክ ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑ ሲበላሽ መዝገቡ አብሮ ይበላሻል።

«ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ነጋዴን ምን አገባው?» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ሚዛን የማይሠራ ነጋዴም ሚዛኑን ሳይፈትሽ ቡና አይረከብም። እንግዲህ ሒሳብ ከመክፈላችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ መዝገቡ በየትኛው ማከማቻ ላይ አርፏል? የማቆያው ትእዛዝ ተሰጥቷል? በሌላ ስፍራ ያለው ቅጂስ በፊታችን ተመልሶ ሲነበብ ይታያል? ማከማቻው ቋሚ ቢሆንም በስሕተት የተሰረዘውን አይመልስምና፣ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል።

የንግድ ምክር ቤታችንም እነዚህን ጥያቄዎች ያካተተ የውል ናሙና አዘጋጅቶ ለአባላቱ ያድል ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ የነጋዴ ጸሐፊ
ከቦንጋ