ከመርጨት በፊት መለየት ይቅደም

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አበው። አባባሉ ለጓሮ ዛፍም ይሠራል። በአሜሪካ ቤት የገዛ ወገን ብዙ ጊዜ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ ጥድም አብሮ ይረከባል። ጥዱ መገርጣት ሲጀምር ግን ወይ ከሱቅ ኃይለኛ መርዝ ገዝቶ መርጨት፣ ወይ ብዙ ዶላር ከፍሎ ማስቆረጥ ይመጣል። ሁለቱም የችኮላ ሥራ ናቸው።

ጥድን ከሚያገረጡት አንዱ ስኬል የሚባለው ተባይ ነው። እግሩ ስለማይታይና ስለማይንቀሳቀስ ብዙ ሰው ተባይ አይመስለውም። በፓይንና በስፕሩስ ላይ የሚገኘው ዓይነት ነጭ ሲሆን ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሩቅ ለሚያየው መርፌ መሳዩ ቅጠል ነጭ ቀለም የተረጨበት ይመስላል። ነጩ ነገር ግን ሽፋን ነው፤ ተባዩ ከሥሩ ተደብቆ የዛፉን ምግብ ይመጥጣል።

ሽፋኑን በጥፍር ገልጦ ማየት ይበቃል። እርጥብ አካል ወይም ቀያይ እንቁላል ከተገኘ ተባዩ በሕይወት አለ። ደረቅ ከሆነ ሞቷል። የሞተውም ሽፋን ቶሎ አይረግፍምና ነጭ ነገር በታየ ቁጥር መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጊዜው ነው። እንቁላሉ የብርዱን ወራት ከሽፋኑ ሥር ያሳልፍና በብዙ ቦታ በሜይ ወር፣ ላይላክ ሲያብብ ይፈለፈላል። አዲሶቹ ጫጩቶች ሽፋን የላቸውም። ቅርንጫፉን በነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ሲያደርጉት እየዳሁ ይታያሉ። ለዛፍ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ወይም ሳሙና የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ዘይቱ ግን የሰማያዊ ስፕሩስን ቀለም ያጠፋልና መመሪያውን ማንበብ ግድ ነው።

«ጠንከር ያለ መርዝ ይሻላል» የሚሉ አሉ። የካሊፎርኒያዋ ሳውዝ ሌክ ታሆ ተቃራኒውን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለትንኝ ተብሎ ማላታዮን ይረጭ ነበር። መርዙ ስኬሉን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ጥቃቅን ተርቦች ጨረሰ፤ ስኬሉ ግን ከሽፋኑ ሥር ሆኖ ተባዛ። ርጭቱ ሲቆም ጠላቶቹ ተመልሰው ስኬሉ ቀነሰ። ሮበርት ላክና ዶናልድ ዳልስተን ይህን በ1975 ባሳተሙት ጥናት ዘግበውታል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ክብ ቀዳዳ የታየበት ቤት መርዙን ይተው፤ ተርቧ ሥራዋን ጀምራለች።

እርግጥ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ጊዜ ውድ ነው። ሆኖም አንድ ቅርንጫፍ አገላብጦ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያልታወቀ ከሆነም ቅርንጫፉን ቆርጦ በፕላስቲክ ከረጢት በካውንቲው ወደሚገኘው የእርሻ ኤክስቴንሽን ቢሮ መውሰድ ይቻላል። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናትና አባት ልጆቻቸው ያስተርጉሙላቸው።

መርዙ የሚረጨው ልጆች በሚሯሯጡበት፣ ጎመንና ጤና አዳም በሚተከልበት ጓሮ ነው። ዛፉ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ጥላውን ለመመለስ የአንድ ሰው ዕድሜ እኩሌታ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድሞ ዓይን ይሥራ፤ እጅ በኋላ ይደርሳል።