ያለ ትምህርት የተሰጠ ማርክ

አንድ ወጣት ኳስ አሳምሮ ስለ ተጫወተ ወይም በሩጫ ስለ ቀደመ ብቻ ያልተማረውን እንደ ተማረ ተቆጥሮ ማርክ ቢሰጠው፥ ለላይ ለላዩ ሲያዩት የተጠቀመ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የተዘረፈ ነው። ይህን የምንለው እስፖርትን ንቀን አይደለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሣ ጊዜ የጎንደርን ሕዝብ ደስታ ያየ ሁሉ ጨዋታ ለወጣት የሚሰጠውን ኩራት ያውቃል። የእኛ ነገር ዋንጫ በትምህርት ኪሣራ ሲገዛ ስለሚመጣው ጥፋት ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአሜሪካ፥ ቻፕል ሂል በሚገኘው በሰሜን ካሮላይና ዩኒቬርሲቲ የደረሰው ነው። ማይክል ጆርዳን የተጫወተበት ይህ ዩኒቬርሲቲ በእስፖርቱም በትምህርቱም ስመ ጥር ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 ድረስ በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ መምህር የማይገባባቸው፥ ተማሪም የማይሰበሰብባቸው የስም ትምህርቶች ይሰጡ ነበር። ተማሪው አንድ ጽሑፍ ብቻ ያስረክባል፤ የምታርመው የክፍሉ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ማርኩም ያለ ስስት ይታደላል። የቀድሞው የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ኬኔት ዌይንስታይን በ2014 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የምርመራ ራፖር እንደ ተገለጠው፥ በዚህ መንገድ ያለፉት ተማሪዎች ከ3,100 በላይ ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ እስፖርተኞች ነበሩ። ሠራተኛይቱ በ2009 ጡረታ በወጣች ጊዜ የእስፖርተኞቹ የትምህርት አማካሪዎች ተጨነቁ፤ ያ ቀላል መንገድ መዘጋቱንም ለአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኞች በስብሰባ አስረዱ። በዚያው ወቅት የቡድኑ አማካይ ማርክ በአሥር ዓመት ውስጥ ካስመዘገበው ሁሉ ዝቅ ያለው ሆነ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝነው የኃላፊነቱ ነገር ነው። ማንበብ የሚቸግራቸው ተጫዋቾች እንዳሉ በአደባባይ የተናገረችው የዩኒቬርሲቲው የትምህርት ረዳት ሜሪ ዊሊንግሃም ብዙ ተቃውሞ ገጥሟት በ2014 ሥራዋን ለቀቀች። የኮሌጆችን እስፖርት የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር ግን በ2017 በሰጠው ውሳኔ፥ ትምህርቶቹ ለእስፖርተኛ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ስለ ነበሩ ደንቡ ተጥሷል ለማለት እንደማይችል ገልጦ፥ በዚህ ጉዳይ ዩኒቬርሲቲውን ሳይቀጣ አለፈ። ታዲያ ጥፋት ለሁሉ ስለ ተዳረሰ ጥፋትነቱ ይቀራልን?

ይህን የመሰለ የእስፖርት ጉዳይ በሀገራችን ደረሰ ለማለት አይደለም። የማርክና የዕውቀት መለያየት ግን የእኛም ችግር ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቬርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ስለ ወጣ ተቋርጧል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቬርሲቲው ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ሆኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመውጫ ፈተና በሀገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ደግሞ ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 41 ያህሉ ነበሩ። ይህ ሁሉ የማጭበርበር ፍሬ ነው አይባልም፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረትም አለበት። ነገር ግን ቀድሞ በየትምህርት ቤቱ ይታደል የነበረው ማርክ የዕውቀት ልክ እንዳልነበረ በግልጽ አሳይቷል።

ከጎንደር በስተደቡብ፥ ከአዘዞ ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጠዳ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። እንዲህ ባለ ኮሌጅ የሚማር ወጣት ከሰዓት በኋላ ኳስ ቢጫወት እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ለቡድኑ ያስፈልጋል ተብሎ የመድኃኒት ልክን ሳያውቅ ቢያሳልፉት፥ ዕዳውን የምትከፍለው ኳሱንም ዋንጫውንም ያላየች የገጠር ወላድ ናት።

ጎንደር ለዚህ መድኃኒት ከሩቅ መፈለግ አያሻትም። በበአታ የአቋቋም ምስክር ቤት ተማሪው ዜማውን ከነእንቅስቃሴው በመምህሩ ፊት ሳያሳይ አይመሰከርለትም፤ በሄደበትም ሁሉ ከማን ተማርክ ተብሎ ይጠየቃል። ምስክር የሆነው መምህር ስሙን አስይዟልና በዋዛ አይመሰክርም።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ በኮሌጆቻችን ውስጥም ማርክ የሚሰጠው ያስተማረው መምህር ብቻ ይሁን፤ ስሙም ይፈረምበት። የእስፖርት ክፍል በማርክ ነገር እጁን አያግባ። ውድድር ከፈተና ጋር ሲጋጭ ተጫዋቹ በይፋ ሌላ የፈተና ቀን ይሰጠው እንጂ ማርክ አይታደለው። ጥፋት አይቶ የተናገረ ሠራተኛም ከሥራው እንዳይፈናቀል ይጠበቅ። ጥፋቱ በተገኘ ጊዜም ተጠያቂው ተማሪው ብቻ አይሁን፤ ያዘዘውም፥ የፈረመውም፥ እያየ ዝም ያለውም ይጠየቅ።

ተማሪ ሆይ፥ ለቡድንህ ካሰብህ ተጫዋች ጓደኛህን አስጠናው፤ ፈተናውን ግን አትሥራለት። ከትምህርት ገበታ ከተነሣን ብዙ ጊዜ ያልሆነን እኛ ወጣት ሹማምንትም፥ «ይህ ልጅ ለቡድኑ ያስፈልጋልና ማርኩን አስተካክሉለት» የሚል ስልክ የሚደወለው ለእኛ መሆኑን አንርሳ። መልሳችን አንድ ይሁን፤ ልጁ ለሀገሩም ያስፈልጋልና ይማር።