እስከ አዋሽ በቧንቧ፣ ከአዋሽ ወዲህ በቦቴ

ጎጃም ውስጥ አምበር ላይ ለባጃጅ የሚቀዳው ቤንዚን ጅቡቲ ከመርከብ ከወረደ በኋላ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በጎማ ይጓዛል። የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፣ አዲስ አበባን ያልፋል፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ በደጀን በኩል ይወጣል። መንግሥት የሚያወጣው የማደያ ዋጋ ከከተማ ከተማ የሚለያየው የማጓጓዣው ሒሳብ ስለሚታከልበት ነው። እንግዲህ ከጅቡቲ እስከ አዋሽ ሊዘረጋ ታስቦ የቀረው የነዳጅ ቧንቧ የቆላ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም። በትራክተር የሚያርስ፣ ጤፉን በአይሱዙ የሚያስጭን የጎጃም ገበሬም ባለጉዳይ ነው።

ዕቅዱ ብዙ ሰው ስለረሳው ማስታወስ ይገባል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጅቡቲ ብላክ ራይኖ ከተባለው ኩባንያና ከደቡብ አፍሪካው ሞግስ ጋር የማዕቀፍ ስምምነት ተፈራረሙ። ርዝመቱ 550 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው 1.55 ቢሊዮን ዶላር፣ አቅሙ በቀን 240,000 በርሜል ነበር። ናፍጣ፣ ቤንዚንና የአውሮፕላን ነዳጅ ተራ በተራ እየተገፉ በአንድ ቧንቧ አዋሽ ዴፖ ይደርሳሉ ተባለ። ሥራው በሦስት ዓመት ያልቃል የተባለለት መስመር እስካሁን አልተሠራም። እኔ የምለው ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ልኩ ግን አልነበረም ነው። አገሪቱ በዓመት የምታስገባው ነዳጅ 4 ሚሊዮን ቶን ግድም ነው ብንል በቀን 85,000 በርሜል ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከታሰበው ቧንቧ አቅም ሲሶ ያህል መሆኑ ነው። ሁለት ሦስተኛው ባዶ የሚውል ቧንቧ ዕዳውን ከራሱ ገቢ ሊከፍል አይችልም፤ ከፋዩ መንግሥት፣ ከዚያም ማደያው ላይ የተሰለፈው ሰው ይሆናል። ስለዚህ ዕቅዱ ከመሳቢያ ይውጣ ስል በጠባብ ቧንቧ፣ የፓምፕ ጣቢያ እየጨመሩ በሚያሳድጉት ዓይነት ይሁን ማለቴ ነው።

ቦቴው ምን እያስወጣን እንደሆነ ደግሞ እናስላ። ያ ሁሉ ነዳጅ በቀን ወደ 13.5 ሚሊዮን ሊትር ነው። አንድ ተሳቢ ያለው ቦቴ 45,000 ሊትር ቢይዝ በየቀኑ 300 ጉዞ ይጠይቃል። በጋላፊና በሚሌ በኩል ከአዋሽ ጅቡቲ ደርሶ መልስ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ያውም መሄጃው በባዶ። መኪናው በኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ቢፈጅ ሦስት መቶዎቹ በቀን 195,000 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላሉ፤ ከአራት ቦቴ ጭነት በላይ ማለት ነው። ከጠቅላላው አንጻር ትልቅ አይደለም፤ አጋንኜ ላቀርበውም አልፈልግም። ክብደቱ የሚታወቀው ጎማው፣ መለዋወጫው፣ የመኪናው ግዢና የአስፋልቱ ጥገና ሲደመር ነው፤ አብዛኛው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና። የቧንቧ ፓምፕ ግን በኤሌክትሪክ ይሠራል። ጅቡቲ ራሷ የኢትዮጵያን ኃይል ከገዛች ዓመታት አልፈዋል። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚገፋውን ነዳጅ በገዛ ውኃችን ኃይል መግፋት እየተቻለ በተገዛ ናፍጣ መጎተት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ጠንካራው ተቃውሞ ባቡሩ ነው። በቻይና ብድር የተሠራ የኤሌክትሪክ ሐዲድ እያለ ሌላ ዕዳ ለምን? እውነት አለው፤ ቧንቧው እስኪሠራ የነዳጅ ፉርጎዎች በሙሉ አቅም መሥራት አለባቸው፣ ይህን ለማዘግየት ምክንያት አይታየኝም። ነገር ግን ፉርጎም እንደ ቦቴ ባዶውን ይመለሳል፣ ሞልቶ ማራገፍ ይፈልጋል፣ ሐዲዱንም ከቡናው፣ ከማዳበሪያውና ከስንዴው ጋር ይሻማል። በክረምት ማዳበሪያ የዘገየበት የጎጃሙ የአነደድ ገበሬ ይህን ሽሚያ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ክልከላው ቤንዚኑን ይቀንስ ይሆናል፤ የጭነት መኪናውን፣ የትራክተሩንና የአውሮፕላኑን ነዳጅ ግን በቅርቡ አይነካም። ጠባብ ቧንቧ ይሻላል የምለው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አደጋውን የሚያነሱም አሉ። ኬንያ ከሞምባሳ ናይሮቢ 450 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ አስጀምራ እስከ ኤልዶሬትና ኪሱሙ አድርሳዋለች። በዚያው የቧንቧ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2011 ናይሮቢ ሲናይ በተባለው የድሆች ሰፈር ቤንዚን ፈስሶ ተቀጣጠለና 100 ያህል ሰው ሞተ። ቤቶቹ ቧንቧው አጠገብ ተደርድረው ነበር። የበረሃው መስመር ሲቀየስ ከቧንቧው ግራና ቀኝ ያለው ቦታ ከቤት ነጻ መሆን፣ በግጦሹ የሚኖሩት አፋርና ሱማሌ አርብቶ አደሮችም ካሳቸውን ቁፋሮው ሳይጀመር ማግኘት አለባቸው። ከመስመሩ የማያተርፍ ሕዝብ ጠባቂ አይሆነውም። ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍና ዴፖ ይሠራ የምለውም ለዚህ ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ነጻ የንግድ ቀጠና ያላት የቆላ ከተማ ነዳጁ በአጠገቧ አልፎ አዋሽ ከደረሰ በኋላ በቦቴ እንዲመለስላት መደረግ የለበትም።

የቦቴ ሾፌሮች እንጀራስ? ከአዋሽ ደብረ ማርቆስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ደግሞ ከዚያ ይርቃል። ቧንቧው የሚወስድባቸው ረጅሙን የበረሃ ጉዞ ነው፤ የደጋው መንገድ የእነሱ ሆኖ ይቀራል፣ ምልልሱም ይበዛል። የጅቡቲ ጥገኝነት ይጠናብናል የሚለው ስጋት እውነት ቢሆንም አዲስ አይደለም፤ አሰብ ከቀረ ወዲህ በቦቴም ቢሆን ዋናው በራችን ያው ጅቡቲ ነው።

ቧንቧው ግን ሁሉን አይፈውስም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማደያው ይደርቃል፣ ቤንዚኑም በሃይላንድ ጠርሙስ በጥቁር ገበያ ይቸረቸራል፤ ይህ ከአዋሽ ወዲህ ያለ የሰላምና የቁጥጥር ችግር ነው። የንግድና የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ግን የ2008ቱን ሰነድ አውጥተው በሲሶ አቅም እንደገና ያሰሉት፣ የድሬዳዋን ቅርንጫፍ ይጨምሩበት፣ ስሌቱንም ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ለሕዝብ ያቅርቡ።